ታማኝ ነው፤ ብቻ ከአጠገቡ አትራቂ

አባቴ ከአቦምሳ ወደ አዳማ የሚመጣው እኔ በምነዳው መኪና ከሆነ ብቻ እንደሆነ በስልክ አስታወቀኝ። በማግስቱ መኪናዬ ዳገት አልወጣም አለች።

የአባቴ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ተጋርደዋል። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ለጥቂት ቀናት ብቻ የመጡ ሐኪሞች ሞራ ይገፍፉ ስለነበር ተራ አስያዝኩለት። የደረሰው ለማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ካርዱ ላይ ከቀኑ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «በሰዓቱ ያልተገኘ ተራው ያልፋል» ተብሎ ተጽፏል። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚሆን የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ጠየቅኋት።

«እሱን እነሱም አያውቁትም» አለችኝ።

አባቴ ሚኒባስ የማይሳፈርበት ምክንያት አለው። ባለፈው ዓመት ብቻውን ሲመጣ መስኮት ጥግ ለተቀመጠ ሰው ሰላምታ ሰጠ። ሰውየው አልመለሰም። ስለ ዝናቡ አነሳበት፤ ዝም። ስለ ሽንኩርት ገበያ ጠየቀው፤ ዝም። መንገዱ ሲጋመስ «ወንድሜ፣ ምን አስቀየምኩህ?» ብሎ ትከሻውን ሊነካው እጁን ቢዘረጋ ትከሻ አላገኘም። የሽንኩርት ጆንያ ነው። አንድ ተሳፋሪ ባርኔጣውን ከላይ አስቀምጦበት ኖሯል። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። አባቴ ደግሞ አቦምሳ ገበያ ሲገባ ግማሹ ሰው «ጋሼ» ብሎ የሚነሳለት ሰው ነው።

«ወይ አንቺ ትነጂኛለሽ፣ ወይ ከነሞራዬ እቀመጣለሁ» አለኝ። ኮንትራት መኪና ልላክልህ ብለው «ሹፌሩ ሰው መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ሲል መለሰ።

እሺ አልኩት። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ለቀጠሮው ስምንት ቀን ቀርቶታል። የዓመት ፈቃዴንም ለዚሁ ብዬ ወስጄ ነበር።

መኪናዬ ትንሽ ቀይ ናት። ጃፓን ተሠርታ፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ፣ በጅቡቲ በኩል የገባች። መሪው ሲዛወር ሌላው ነገር አብሮ ስላልተዛወረ፣ ፍሬቻ ላሳይ ስል መስታወት እጠርጋለሁ። ስገዛት የነበራት ኪሎ ሜትር በጣም ትንሽ ነበር፤ ያን ያህል እኔ በእግሬም ሄጃለሁ። ያም ሆኖ ሦስት ዓመት ያለ ችግር ነዳኋት። ያን ማክሰኞ ለሙከራ ብዬ ከከተማው በስተምዕራብ፣ የንፋስ ተርባይኖቹ ወዳሉበት ዳገት ወሰድኳት። እኩሌታው ላይ አነቃት፣ ተንፈራገጠች፣ ቆመች። አንድ ባጃጅ ሦስት ሰውና አንድ ፍየል ጭኖ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ ዜና ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ ምንጭ አሰባሰብኩ። በዚያው ቀን መኪና ያላቸውን አሥራ አንድ ሰዎች «ታማኝ መካኒክ ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩና መልሳቸውን በደብተሬ ያዝኩ። ዘጠኝ የተለያዩ መካኒኮች ተጠቆሙልኝ። የጥቆማው ቃል ግን የሁሉም አንድ ነው።

«ታማኝ ነው። ብቻ ከአጠገቡ አትራቂ።»

ጎረቤቴን «ታማኝ ከሆነ ለምን አልርቅም?» አልኩት።

«እንዳይፈተን ነዋ!» አለኝ፣ እንዴት ይህን አታውቂም በሚል ዓይን እያየኝ።

ከዘጠኙ አራቱን በአካል አየሁ። የመጀመሪያው ሞተሩን ሳያስነሳ «ይሄ ሞተር ይወርዳል» አለ። ሁለተኛው ሞተሩን አስነስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና «ይቀየራል» አለ። ሦስተኛው ጥፋቱን በዱባይ ላይ ጣለ። «ቀኝና ግራዋ ተምታቶባት ነው። እስክትለምደው ነው» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምዳው እንደነበር ብነግረው «አሁን ትዝ ብሏት ይሆናል» አለ።

አራተኛውን በአሰላ መውጫ በኩል፣ በቆርቆሮ በታጠረ ሰፊ ግቢ ውስጥ አገኘሁት። በአርባዎቹ መጨረሻ ያለ፣ ቱታው እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ቁጥብ ሰው ነው። መኪናዋን አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና «ነዳጅ በደንብ አይደርሳትም። የነዳጅ ፊልትሮው ይሆናል። ካንዴላው ይሆናል። ፓምፑም ሊሆን ይችላል። አይቼ ልንገርሽ» አለኝ።

አይቼ ልንገርሽ የሚለውን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሳያይ ያልነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ለማክሰኞ ጠዋት አባቴን ሐኪም ዘንድ ማድረስ እንዳለብኝ፣ ለዚያም ሰኞ አቦምሳ ደርሼ መመለስ እንዳለብኝ ነገርኩት። «እስከ ዓርብ አያቅትም» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ወንበር ይዘሻል?» ሲል ጠየቀኝ።

«የምን ወንበር?»

«የኔዎቹ ሞልተዋል» አለና ወደ ኋላዬ አመለከተኝ።

ዞር ስል ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ ሰው አለ። እያንዳንዱ ሰው ከፊት ለፊቱ የቆመ፣ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ላይ አፍጥጧል። ፊልም ቤት የገቡ ይመስላሉ። ደብተሬን ገልጬ ሳየው ዘጠኙ መካኒኮች በሙሉ አንድ ዓይነት ጥቆማ እንዳላቸው አስታወስኩ። እነዚህም በዚያው ቃል የመጡ ናቸው።

ረቡዕ ከሰዓት ከቤት ወንበር ይዤ መጣሁ።

ከሁሉም ጋር የተዋወቅኩ ቢሆንም በዋናነት የምጠቅሳቸው ሦስት ናቸው። በረድፉ መጀመሪያ የሚቀመጡት አዛውንት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። አሮጌ ነጭ መኪናቸው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ እየጠበቀች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ እሳቸውም አብረው ይዘዋል። ቀጥሎ ያለው በፒክአፕ ድንች የሚያመላልስ የሻሸመኔ ነጋዴ ነው። ሦስተኛዋ የአንድ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ናት፤ የቤተሰቡን መኪና ፍሬን ልታሠራ መጥታ ነው።

«አካም፣ እህቴ!» አለኝ ነጋዴው። «ያንቺ ምኗን ነው የሚያማት?»

«ዳገት።»

«የኔ ሜዳም ያማታል።»

መካኒኩ መፍታት ሲጀምር እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። የባትሪውን፣ የፓምፑን፣ የየዕቃውን ቁጥር በደብተሬ መዘገብኩ። ቁጥር በሌለው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግኩ። አርባ አንድ ዕቃ ሆነ። አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው ከትከሻዬ በላይ አዩ።

«ምን ላይ ነው የምትጽፊው፣ ልጄ?»

«ደብተር ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ደብተር!» አሉ፣ ሰው ሞተ የተባሉ ያህል ደንግጠው። «ንብረት በደብተር?»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጥራዝ ቅጽ ይዘው መጡ። አንዱ ሞዴል 19 ነው፤ ንብረት ገቢ ሲሆን የሚሞላው። ሌላው ሞዴል 22፤ ወጪ ሲሆን የሚሞላው። መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከየት እንዳመጧቸው ጠየቅኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ቤት ይሄ አይጠፋም» አሉ በኩራት። ማስታወሻ ያዝኩ እንጂ አስተያየት አልሰጠሁም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከመኪና የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በሞዴል 22 ወጪ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ። መካኒኩ በየቅጹ ይፈርማል። ለመፈረም እጁን ይጠርጋል። ከጠረገ በኋላ መፍቻውን ያነሳል። ሦስት ካንዴላ እንዳወጣ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ልፍታ ወይስ ልፈርም?» አላቸው።

«እያፈራረቅህ» አሉት።

ወዲያው መዘምራን መሪዋ የማንኛውም መኪና ኮፈን ከመከፈቱ በፊት ይጸለይ የሚል ሐሳብ አቀረበች። አዛውንቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። ትንሽ አሰቡና «እኔ በጸሎቱ አልቃወምም። ግን ከሞዴል 22 በኋላ ይሁን፤ ያልተመዘገበ ነገር ላይ እንዳይጸለይ» አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

መጽደቅ የሚባል ነገር የመጣው እንዲህ ነው። አራት ሰው አንድ ዛፍ ሥር ሁለት ቀን አብሮ ከተቀመጠ በእኛ አገር ኮሚቴ መሆኑ አይቀርም። ሐሙስ ቀትር ላይ አዛውንቱ ሰብሳቢ፣ ነጋዴው የዲሲፕሊን ኃላፊ፣ መዘምራን መሪዋ አባል ሆኑ። ጸሐፊ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሙያዬ መሆኑን የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ የማማረር መብት የለኝም።

የመጀመሪያው ውሳኔያችን ያስፈለገው በነጋዴው ፒክአፕ ሳቢያ ነው። ሐሙስ ከሰዓት መካኒኩ «አልቋል፣ ሞክራት» አለው። ነጋዴው ሁላችንንም ጨብጦ፣ ተመርቆ ወጣ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በጋሪ ፈረስ ተጎትቶ ተመለሰ። ፈረሱ አልተቸገረም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረው።

«ዲሲፕሊን ኃላፊ ተብዬ በፈረስ እጎተታለሁ?» ብሎ ጮኸ። «ከእንግዲህ አልቋል የሚለው ቃል ይታገድ!»

ሰብሰብ ብለን ተወያየን። እኔም ሐሳቡን አጠር አድርጌ፣ ሁለት ትርጉም እንዳይሰጥ አድርጌ ጻፍኩት። ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «መካኒኩ የአንድ መኪና ሥራ መጠናቀቁን ለሰብሳቢው ብቻ ያሳውቃል። ሰብሳቢው አራቱም የኮሚቴ አባላት በተገኙበት፣ ዳገት ባለበት መንገድ አስፈትሾ ያስረክባል። ከርክክቡ በፊት ለመኪናው ባለቤት አልቋል ማለት ክልክል ነው።» አነበብኩላቸው። ሰብሳቢው «እንደ ሕግ ነው የምትጽፊው፣ ተባረኪ» አሉኝ። ደስ አለኝ። መካኒኩም ቅባት ባለው እጁ ፈረመ።

አባቴ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይደውል ነበር።

«ሞተሩ እንዴት ነው?»

«እየታየ ነው፣ አባዬ።»

«በማን?»

«በአምስት ሰው።»

«ስንቱ ነው የሚሠራው?»

«አንዱ።»

«ማክሰኞን አትርሺ» ብሎ ዘጋው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መካኒኩ ኮፈኗን ዘግቶ ወደ ሰብሳቢው ሄደና ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነገራቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው ዕቃ ከአዲስ አበባ መጣ ወይም ቀረ ብዬ አሰብኩ። የሌላ ሰው ጉዳይ ውስጥ አልገባም። ያን ቀን ደብተሬ ላይ «9፡00፤ ኮፈን ተዘጋ፤ አቧራ እንዳይገባ ይመስላል» የሚል ተጽፏል። ይመስላል የሚለውን ቃል የምጽፍ ሰው አልነበርኩም።

ነጋዴው ለቅሶ ሊደርስ ዓርብ ከምሳ በኋላ ወደ ሻሸመኔ ስለሄደ ቅዳሜም አልመጣም። እኔ፣ ሰብሳቢውና መዘምራን መሪዋ ስንጠብቅ ዋልን። መካኒኩ እየተመላለሰ ያየኛል። ባየኝ ቁጥር ሊናገር እንደፈለገ ሰው አፉን ይከፍትና ይመልሰዋል። እኔ ደግሞ ይህን ያህል የሚያየኝ ዕቃ ሊወስድ አስቦ ይሆን ብዬ ወንበሬን ወደ መኪናዋ አስጠጋሁ።

እሑድ ጋራዡ ዝግ ነው። በሩ በደንብ መቆለፉን ብቻ ላይ ብዬ አራት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሰብሳቢው ከቆርቆሮው በር ውጪ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ከቅዳሴ ቀጥታ ነው የመጡት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መዘምራን መሪዋ ከነዝማሬ ልብሷ ደረሰች። «ጌታ ይባርካችሁ፣ እኔማ ማንም አይኖርም ብዬ ነበር» አለች። ሦስታችን ተደርድረን እስከ ምሳ ሰዓት አጥሩን አየን። መንገደኛ አንድ ሰው ምን እንደምንጠብቅ ጠየቀን። «መኪና» አልነው። ዞር ዞር ብሎ መንገዱን አየና፣ አውቶቡስ እንጠብቃለን ብሎ መሰለኝ፣ «እዚህ ጋ አይቆምም» ብሎን ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ነጋዴው ከሻሸመኔ ተመልሶ ነበር። እኔ ቀጥታ ወደ መካኒኩ ሄድኩ።

«እባክህ፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ካልወጣሁ አባቴ ተራው ያልፈዋል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። እስከ ዓርብ አያቅትም ብለኸኝ ነበር። ምኗ ነው የቀረው?»

መካኒኩ አላየኝም። ሰብሳቢውን አያቸው። ሰብሳቢው የኒም ዛፉን ጫፍ አዩ።

«ጋሼ፣» አለ መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን አራቱም አላችሁ። ልናገር?»

ሰብሳቢው በጣታቸው ቆጠሩን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ራሳቸውን አራት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» አሉ። «ልጄ፣ መኪናሽ አልቃለች።»

«መቼ?»

«ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት።»

መዘምራን መሪዋ «ኢየሱስ!» አለች።

ሁለት ቀን ተኩል ከተጠናቀቀች መኪና አጠገብ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። ከእሑዱ አጥር ጋር ማለት ነው። ብዙ ዓመት የሰው ወሬ ሳነፈንፍ ኖሬ፣ የራሴ መኪና ወሬ ከፊቴ ተቀምጦ አለፈኝ።

«ዓርብ ወይ ቅዳሜ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?» አልኳቸው። ድምፄን አላነሳሁም፤ ለማንሳት ጊዜም አልነበረኝም።

«ሁለቱንም ቀን እሱ አልነበረማ!» አሉ ነጋዴውን እያሳዩ። «አራቱም በተገኙበት ይላል።»

«እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ እንጂ ስልክ አለኝ እኮ» አለ ነጋዴው።

«በስልክ ይላል? እስቲ አንብቢው፣ ልጄ። በስልክ አይልም።»

አይልም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወደ መካኒኩ ዞርኩ። «አንተስ? ስንት ጊዜ አየኸኝ?»

«ፈርሜያለሁ» አለ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው፣ እኔ ፈርሜያለሁ። ፈርሜ ብነግርሽ ነገ ፊልትሮ ቀየርኩ ስልሽ ታምኚኛለሽ?»

ደብተሬን ገለጥኩ። ከአሥራ አንዱ ሰዎች ምክር «ታማኝ ነው» የሚለውን ትቼ «ብቻ ከአጠገቡ አትራቂ» የሚለውን ሰረዝኩ።

ቁልፉን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ሰብሳቢው መሐል ገቡ። «ዳገት ባለበት መንገድ ተፈትሾ ይላል።»

«አቦምሳ መንገድ ዳገት አለ» አልኩ።

«ብዙ ነው?»

«ሞልቶታል።»

«እንሂድ» አሉና ከኋላ ተቀመጡ፣ ሞዴል 22 ጥራዛቸውን ታቅፈው። ነጋዴው «የዲሲፕሊን ኃላፊ አይቀርም» ብሎ ከጎናቸው ገባ። መዘምራን መሪዋ የቀሩትን መኪኖች ልትጠብቅ ቀረች። በኋላ እንደሰማሁት ወዲያው ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። መካኒኩ የሚያየው ሰው በሌለበት በዚያ ቀን ሦስት መኪና ጨረሰ። ይህን ከሦስት የተለያዩ ሰዎች አጣርቻለሁ።

መኪናዋ ዳገቱን ወጣችው። በየዳገቱ ራስ ሰብሳቢው ጥራዙ ላይ «አለፈ» እያሉ ጻፉ፤ ነጋዴው ያጨበጭባል። አንድ ቦታ ልታጠፍ ስል መጥረጊያው ተነሳ። ሰብሳቢው በድንጋጤ «ዝናብ የለም እኮ!» አሉ። «ዱባይ ነው» አልኳቸው። እሱንም መዘገቡት።

አባቴ ቤቱ ደጃፍ ላይ ኮቱን ለብሶ፣ ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆሞ ጠበቀን። ከፊት አስቀምጬ በሩን ስዘጋለት ከኋላው የሰው ትንፋሽ ሰማ። ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ዘረጋና ሰብሳቢውን ከትከሻቸው እስከ ክንዳቸው በጥንቃቄ ዳበሳቸው።

«ሰው ነዎት?» አለ።

«የቀድሞ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ» አሉ ሰብሳቢው፣ ቅር ሳይላቸው።

«እሺ» አለ አባቴ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም ዳበሰ።

«እኔም ሰው ነኝ፣ አባባ። የድንች ነጋዴ» አለ የሻሸመኔው።

«የሽንኩርት አለመሆንህ ጥሩ ነው» አለው አባቴ። እስከ አዳማ ድረስ ከኋላ መልስ ሲሰጠው መጣ። ስለ ዝናቡ አነሳ፤ መለሱለት። ስለ ሽንኩርት ገበያ አነሳ፤ ሁለቱም ተከራከሩት። መንገዱን ሙሉ እንዲህ ሲደሰት ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ማክሰኞ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሆስፒታል ነበርን። የስምምነት ወረቀት እንዲፈርም ሰጡት። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ «እዚህ ጋ» አልኩት። ጣቴን ነክቶ ጀመረ፤ ፊርማው ግን ቁልቁል ሸሽቶ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ነርሷ ጠረጴዛውን በጥጥ ጠረገች። እኔ መስኮቱን አየሁ።

የቀኝ ዓይኑ ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳለት እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ልጁን አይቶ ያለቅሳል። አባቴ አየኝና «ከስተሻል» አለ። ከዚያ ጥቁር መነጽር ተደርጎለት፣ በክንዴ ይዤው ወደ ውጭ ወጣን። መኪናዬ በሩ ላይ ቆማለች። ሰብሳቢው ከጎኗ ቆመዋል፤ ርክክቡ ገና አልተፈረመም።

አባቴ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ቀስ ብሎ፣ ጎንበስ እንዳይል እንደታዘዘው ቀጥ ብሎ ነው የዞራት። የኋላ ቀኝ ጎማ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄኛው የሌላ መኪና ነው» አለ።

«የትኛው?»

«ጎማው ላይ ያለው ክዳን። ሦስቱ አምስት ክንፍ አላቸው። ይሄ ስድስት ነው።»

ተጠግተን ቆጠርን። ስድስት ነው። ሰብሳቢው ፊታቸው ነጣ። ጥራዙን ገለጡ፤ እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። አርባ አንድ ዕቃ። ፓምፕ አለ፣ ካንዴላ በየቁጥሩ አለ፣ የባትሪ ማሰሪያ ብሎን እንኳ በቀይ ነጥብ አለ። ከውጭ በኩል የሚታየውን የጎማ ክዳን ግን ማንም አልመዘገበውም። ስንቀመጥ ሁላችንም የምናየው ወደ ተከፈተው ኮፈን ነበር።

«ተሰረቅን!» አሉ ሰብሳቢው። «ስድስት ዓይን፣ ስምንት ዓይን እያየ!»

«ይቆዩ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ያልተጣራ ነገር አላወጣም። ስልኬ ውስጥ መኪናዋን የገዛሁ ቀን ያነሳሁት ፎቶ አለ። ፈልጌ አገኘሁትና በጣቴ አሰፋሁት። የኋላ ቀኝ ጎማ፣ ክዳን፣ ክንፍ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር። ዕቃው የተቀየረው ጃፓን ይሁን ዱባይ፣ ወይስ መርከብ ላይ፣ ማረጋገጥ አልቻልኩም። አዳማ አለመሆኑን ግን አረጋግጫለሁ።

ሰብሳቢው ሲረጋጉ ሥርዓቱ ይፈጸም አሉ። ሞዴል 19 አወጡ፤ አርባ ሁለተኛ ተራ ቁጥር ላይ «የጎማ ክዳን፣ ባለ ስድስት ክንፍ፣ አንድ፤ ሲገባም እንዲሁ የነበረ» ብለው ጻፉ። ምስክር ያስፈልጋል። ያየው አባቴ ስለሆነ ጥራዙን ለእሱ ሰጡት፣ የመኪናዋን ኮፈን እንደ ጠረጴዛ አድርገው።

ጣቴን ላሳየው ዘረጋሁ።

«ተዪው» አለኝ።

መነጽሩን ትንሽ ከፍ አደረገ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብሎ፣ መስመሩን ራሱ ፈልጎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመሩ ላይ ፈረመ። አንዲት ፊደል አልወረደችም።

ሰብሳቢው ፊርማውን አዩና «ንጹሕ ነው» አሉ። ቅጂውን ቀደው ለእኔ ሰጡኝ። እስካሁን የመኪናዋ ወረቀት ውስጥ አለ።

በማግስቱ ወንበሬን ለመውሰድ ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኩ አንድ አዲስ ደንበኛ፣ ከቆቃ የመጣ ዓሣ ነጋዴ፣ ፊቱ ቆሞ ሲያነጋግረው ደረስኩ። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ «እህቴ፣ ታማኝ ነው ይሉታል፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«ታማኝ ነው» አልኩት። «ቁልፉን ስጠውና ሂድ።»

ሰውየው በጥርጣሬ አየኝ። ከዚያ ወንበሬን አየ።

«ወንበሩን ትተሽው ትሄጃለሽ?» አለኝ።